ላብ መውጫ ሲያጣ፦ በአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጊዜ ስለሚከሰት የሙቀት ሽፍታ

ለኅብረተሰቡ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከወረርሽኙ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትንሽ የሚመስል ነገር የሰውን ልማድ ሲያስለውጥ፣ የተለወጠውም ልማድ ጤናን ሲያጓድል ስለምናይ በዝርዝር ልንነጋገርበት ይገባል።

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ የአኗኗራችን መልክ ተለውጦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና የስፖርት ውድድሮች ሲቋረጡ ብዙ ሰው ከሜዳ ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር። ማለዳ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች መውጣትና መውረድ የለመደው፣ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ ይጫወት የነበረው፣ በ“መንገድ ለሰው” ዕለት ከልጆቹ ጋር አስፋልት ላይ ይሮጥ የነበረው ሁሉ በጠባብ ክፍል ውስጥ ገመድ መዝለልና ፑሽ አፕ መሥራት ጀምሮ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው። አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ክብደት ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም ይህ ምክር አይሻርም። የደም ግፊትን፣ የስኳር ሕመምንና ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቆጣጠር እንቅስቃሴ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እነዚህ ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች ደግሞ ኮቪድ-19 ይበልጥ ይጠናባቸዋል።

ከዚሁ ጋር ግን አንድ ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። “ስፖርት በሠራሁ ቁጥር አንገቴና ጀርባዬ ላይ ሽፍ ይልብኛል፤ ይበላኛል፤ እንደ መርፌ ይወጋጋኛል” የሚል ነው። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት እንቅስቃሴውን ጨርሶ ይተዋል። አንዳንዱ ያሳከከው ጭምብሉ ነው ብሎ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ያወልቀዋል። አንዳንዱ “ኮሮና ይዞኝ ይሆን?” ብሎ ይሸበራል። ሌላው ደግሞ ምንነቱን የማያውቀውን ቅባት ከመደብር ገዝቶ ይቀባል። አራቱም መንገዶች ከሽፍታው ከራሱ የከፋ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ።

ስለዚህ የዛሬው መልእክቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሙቀት ሽፍታ ላብ መውጫ እንዳጣ የሚናገር ምልክት ነው። እንቅስቃሴን ለማቆምም ሆነ ጭምብልን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። መድኃኒቱም በአብዛኛው አየር፣ ንጹሕ ውኃና ደረቅ ልብስ ነው።

የሙቀት ሽፍታ ምንድን ነው?

በሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ። ሰውነታችን በእንቅስቃሴ ሲሞቅ እነዚህ ዕጢዎች ላብ ያመነጫሉ፤ ላቡም በቀጫጭን ቦዮች አልፎ ወደ ቆዳ ገጽ ይወጣል፤ እዚያም ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የላቡ መፍሰስ ብቻ ሳይሆን መትነኑ ነው። በሞቃት ቦታ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል።

ቆዳ በላብ ርሶ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግን የላይኛው ሽፋኑ ያብጣል፤ የላብ ቦዮቹም አፍ ይጠብባል። በቆዳችን ላይ በተፈጥሮ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም የሚያጣብቅ ነገር በማመንጨት መዘጋቱን ያግዛሉ። ዕጢው ግን ላብ ማመንጨቱን አያቆምም። መውጫ ያጣው ላብ በቆዳ ውስጥ ሾልኮ ዙሪያውን ሲያስቆጣው የሙቀት ሽፍታ የምንለው ነገር ይፈጠራል።

ሽፍታው እንደ መዘጋቱ ጥልቀት ሦስት መልክ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ከቆዳ ገጽ ሥር በቅርብ የሚፈጠር ነው፤ እንደ ጤዛ ጠብታ ጥርት ያሉ፣ በቀላሉ የሚፈነዱ፣ የማያሳክኩ ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ነጥቦች ይታያሉ። ሁለተኛው በብዛት የሚያጋጥመው ነው፤ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ፤ ያሳክካሉ፤ በተለይ ሰውየው ዳግመኛ ላብ ሲጀምረው ይወጋጋሉ። ሦስተኛው ጠለቅ ያለ ሲሆን፣ በሞቃት አካባቢ እየኖሩ ሁለተኛው ዓይነት በተደጋገመባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ብዙም አያሳክክም፤ የቆዳን መልክ የያዙ ጠጠር ያሉ እብጠቶች ይታያሉ። በዚህ ጊዜ የተሸፈነው የቆዳ ክፍል ላብ ማውጣት ስለሚሳነው ሰውነት ራሱን የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እምብዛም የማያሳክከው ሽፍታ ከሚያሳክከው ይልቅ ጥንቃቄ ሊሻ እንደሚችል ልብ በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በብዙ መጻሕፍትና ሥዕሎች ላይ የሙቀት ሽፍታ “ቀይ” ተብሎ ይገለጻል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ቦታው ከአካባቢው ጠቆር ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። በእጅ ሲዳሰስም ይሻክራል። ስለዚህ ዐይን ብቻ ሳይሆን ጣትም ይመስክር።

ሽፍታው በብዛት የሚወጣው ልብስና ቆዳ በሚፋተጉበት ወይም ቆዳ ከቆዳ ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው፦ በአንገት፣ በደረት፣ በጀርባ፣ በጡት ሥር፣ በብብት፣ ላስቲክ በሚያጠብቀው ወገብ ላይ፣ በብሽሽት፣ እንዲሁም በክርንና በጉልበት እጥፋት። ጭምብልም ላብ ጠጥቶ ለረጅም ሰዓት ፊት ላይ ሲቆይ በአገጭና በጉንጭ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሊከሰት ይችላል።

ማንን ይበልጥ ያጠቃል?

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ጊዜ ይሻል፤ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስድበታል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የኖረ ወጣት፣ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ድሬዳዋ ለሥራ ይዛወራል እንበል። በአዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለምዶ ነበርና በደረሰ ማግስት ያንኑ ርቀት በዚያው ፍጥነት፣ ያንኑ ወፍራም ቱታ ለብሶ ይሮጣል። ሳንባው ቢችልም ቆዳው ገና አልለመደም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረቱና ጀርባው በሽፍታ ቢሞላ ሊያስደንቀው አይገባም። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አፋር፣ ወደ ሁመራ ወይም ወደ ጎዴ የሚሄድ ደገኛም እንዲሁ ነው።

ይህ ማለት ግን ደገኛው በቀዬው ሳለ ከሙቀት ሽፍታ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሹራብ ደርቦ የሚዘል ሰው በደብረ ብርሃንም ቢሆን የራሱን ቆላ ፈጥሯል። የሚወስነው የከተማው ሙቀት ብቻ ሳይሆን በልብሳችንና በቆዳችን መካከል ያለው አየር ጭምር ነው። ከዚህ ሌላ የሰውነት ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች፣ በተፈጥሯቸው ብዙ የሚያልባቸው፣ እንዲሁም የላብ ቦዮቻቸው ገና ያልጠነከሩ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ላብ ስብ አይደለም

በአገራችን ተስፋፍቶ ስለሚታይ አንድ ልማድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቦርጭ ለማጥፋት በሚል ሆድን በፌስታል ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላዩ ሁለትና ሦስት ልብስ ደርቦ መሮጥ ወይም መዝለል የተለመደ ሆኗል። ሐሳቡ “ብዙ ካላበኝ ብዙ ስብ ይቀልጣል” የሚል ነው።

ላብ ግን በአመዛኙ ውኃና ጥቂት ጨው ነው። ሰውየው እንቅስቃሴውን እንደጨረሰ ሚዛን ላይ ቢወጣ ክብደቱ ቀንሶ ያገኘዋል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን የቀነሰው ተመልሶ ይመጣል። ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያገኘው በላይ ኃይል ሲያወጣ ነው፤ ይህም በእንቅስቃሴው መጠንና በአመጋገብ የሚወሰን እንጂ በላብ ብዛት አይለካም። እንዲያውም በላስቲክ የተጠቀለለ ሰው ቶሎ ስለሚደክም የሚያደርገው እንቅስቃሴ ያንሳል።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ላስቲኩ ላብ እንዳይተን ይከለክላል፤ ቆዳው እየራሰ የላብ ቦዮቹ ይዘጋሉ፤ ሽፍታው ይወጣል። ከዚያም በላይ ሰውነት መቀዝቀዣውን ስላጣ የውስጥ ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ይህም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፌስታሉን ከሰውነታችሁ አውጡት።

እንዴት እንከላከል?

በመጀመሪያ አየር እናስገባ። በእኛ ዘንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ነፋስ እንዲነካው አይፈለግም፤ “ብርድ ይመታሃል”፣ “ምች ይመታሻል” ተብሎ መስኮት ይዘጋል፤ ጋቢ ይደረባል። ይህ ምክር ከወላጆቻችን በፍቅር የተሰጠን ነውና ልናቃልለው አይገባም። በርግጥ በብርዳማ ማለዳ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆም ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ነገር ግን ጉንፋንም ሆነ ኮቪድ-19 የሚመጡት ከቫይረስ ነው፤ በመስኮት የሚገባ ንጹሕ አየር አያመጣቸውም። እንዲያውም ሰዎች በተሰበሰቡበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ቫይረሱ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል፤ አየር ሲዘዋወር ይቀንሳል። ስለዚህ መስኮት መክፈት ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ላባችሁ ይተናል፤ ክፍሉም ከቫይረሱ ይጠበቃል። ብርዱ ካሳሰባችሁ መፍትሔው እርጥቡን ልብስ ቶሎ መለወጥ ነው።

ሁለተኛ ሰዓት እንምረጥ። በቆላማ አካባቢዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ከቀኑ 11 ሰዓት ወዲህ መንቀሳቀስ ይመረጣል። ጥላ ያለበትና ሰው ያልበዛበት ቦታ ከተገኘ ለርቀትም ለሙቀትም ይበጃል።

ሦስተኛ ልብሳችንን እናቅልል። ሰፋ ያለ፣ ስስና አየር የሚያስገባ ልብስ ይሁን። የጥጥ ልብስ ላብን በደንብ ይመጣል፤ ሆኖም እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ በራሰ ጊዜ መለወጥ አለበት። ቶሎ የሚደርቅ ስስ የስፖርት ልብስም ጥሩ ነው፤ ሰውነት ላይ ካልተጣበቀ። ላስቲኩ የሚያጠብቅ ቱታ፣ ወፍራም የጡት መያዣና በላብ የደረቀ ልብስን ሳያጥቡ ደግሞ መልበስ ሽፍታን ይጋብዛሉ። አንድ ተጨማሪ ካናቴራና አንድ ትንሽ ፎጣ መያዝ ብዙ ችግር ያስቀራል። ፎጣው ግን የግል ይሁን፤ ለጓደኛ አይዋስ።

አራተኛ እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ እናሳድግ። ወደ ሞቃት አካባቢ የሄደ፣ ወይም ለወራት ቤት ውሎ እንደገና የሚጀምር ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደውን ግማሽ ብቻ ቢሠራ፣ ከዚያም በ2 ሳምንት ውስጥ በየጥቂቱ ቢጨምር ሰውነቱ ይላመዳል። በመሐል በጥላ ሥር ማረፍና የጠማችሁን ያህል ንጹሕ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ውኃ የተዘጋውን የላብ ቦይ አይከፍትም፤ ሰውነት ግን በሙቀት እንዳይዝል ይረዳል።

አምስተኛ ከእንቅስቃሴ በፊት ቆዳን በወፍራም ቅባት አንሸፍን። ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን ወይም ቅቤ መቀባት በደረቅ አየር ለደረቀ ቆዳ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ላብ ሊያልበው በተዘጋጀ ደረትና ጀርባ ላይ ግን መውጫውን ይዘጋል። በእርጥብ ቆዳ ላይ በብዛት የሚነሰነስ ፓውደርም እንዲሁ ተቦክቶ ቀዳዳዎቹን ሊደፍን ይችላል።

ጭምብልስ?

ጠንካራ እንቅስቃሴ በሚደረግበት ጊዜ ጭምብል ማድረግ አተነፋፈስን ሊያስቸግር ስለሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም፤ በዚያ ፈንታ የሚያሳስበው ርቀትንና ንጹሕ አየርን ነው። በተግባር እንዲህ እናድርገው፦ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀን ስንሮጥ ጭምብሉን በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ይዘን እንሂድ። ወደ ሰዎች ስንጠጋ፣ ሱቅ ስንገባ፣ ታክሲ ስንሳፈር እጃችንን አጽድተን ፊታችንን ካደራረቅን በኋላ እናድርገው። ጭምብሉን አገጭ ሥር አውርዶ መሮጥ ግን ከሁለቱም ወገን ያጎድለናል፤ ጭምብሉ ላብ ይጠጣል፤ አንገታችን ይታፈናል፤ ከቫይረሱም አይጠብቀንም።

በላብ ወይም በትንፋሽ የራሰ ጭምብል ይለወጥ። የጨርቅ ጭምብል በየቀኑ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ሳሙናው በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ የቀረ ሳሙናም ቆዳን ያስቆጣልና። በሥራ ምክንያት ለረጅም ሰዓት ጭምብል የምታደርጉ ከሰው በራቃችሁበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ለአጭር ጊዜ አውልቃችሁ ፊታችሁን አናፍሱ።

ሽፍታው ከወጣ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ እንቅስቃሴውን ለዚያ ቀን እናቁምና ወደ ቀዝቃዛ ቦታ እንሂድ። የራሰውን ልብስ እናውልቅ። ለብ ወዳለ ሳይሆን ወደ ቀዝቃዛ ባደላ ውኃ ሰውነታችንን እንታጠብ፤ ሳሙናው ጠንካራ ሽታ የሌለውና ጥቂት ይሁን። መፈግፈጊያ አንጠቀም። ውኃ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮና ጨምቆ ሽፍታው ላይ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ማኖር፣ ይህንንም በቀን ጥቂት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ከዚያም ቆዳውን በፎጣ ሳናሽ አየር እንዲያደርቀው እንተወው፤ ሰፊና ስስ ልብስ እንልበስ።

ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ከፋርማሲ ካላሚን የተባለውን ፈሳሽ መቀባት ያስታግሳል። ቀላል የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት አስፈላጊ ከሆነም በጤና ባለሙያ ምክር፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን። ጥፍራችንን እንቁረጥ፤ ማከክ ቆዳን ከፍቶ ለባክቴሪያ በር ይሰጣል። እጅ መታጠብም እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ ንጹሕ ጣት ሽፍታውን ቢነካ እንኳ ጉዳቱ ያንሳል።

ይህን ካደረግን አብዛኛው የሙቀት ሽፍታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ ብዙ የማያስልብ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ በማለዳ ቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ በእግር መጓዝ ይቻላል። ሽፍታው ከዳነ በኋላ ቦታው ለሳምንታት ወይም ለወራት ጠቆር ብሎ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጠባሳ አይደለም፤ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ማድረግ የማይገባን ነገሮች

የእጅ ማጽጃ አልኮልን ወይም ሳኒታይዘርን ሽፍታ ላይ አትቀቡ። የተሠራው ላልተቆጣ የእጅ ቆዳ ነው፤ የተቆጣን ቆዳ ያቃጥላል፤ ያደርቃል፤ ሽፍታውንም አያድንም። በረኪና ለዕቃና ለወለል ነው፤ ሰውነት ላይ ፈጽሞ አይነካ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው በሽፍታ ላይ ማሸትም ቆዳን ይልጣል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅበት በየመደብሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ነው። በመጀመሪያው ቀን ማሳከኩን ስለሚያጠፉ ተአምር ይመስላሉ። ሳይቆጣጠሩ ሲቀቧቸው ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ ብጉር ያወጣሉ፤ የፈንገስ ሕመም ካለ ደብቀው ያስፋፉታል። ሽፍታው የተወውን ጥቁረት ለማንጻት ብለው ማንጫ ቅባት የሚጀምሩም አሉ፤ በራሱ ሊጠፋ ለነበረ ምልክት ሲሉ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት ይገዛሉ።

የሙቀት ሽፍታ ያልሆነውን እንዴት እንለይ?

የሙቀት ሽፍታ ብቻውን ትኩሳት አያመጣም፤ ሳል አያስከትልም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ አብሮት ያለውን ምልክት መመልከት ያስፈልጋል።

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚታይና ሌላውንም የቤተሰብ አባል የያዘ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ከፍ ያለ፣ እንደ ቀለበት እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ጭርትን እንጠርጥር። በደረትና በጀርባ ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያሉ፣ ስስ ቅርፊት ያላቸው ነጠብጣቦች ከሆኑ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ የሚያቃጥል ሕመም ያለውና ውኃ የቋጠረ ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መታከም ይገባል። አንድ ሕፃን ትኩሳት፣ ሳልና የዐይን መቅላት ኖሮት ከፊቱ የጀመረ ሽፍታ ቢወጣበት ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ስለ ኮቪድ-19ም ግልጽ እንሁን። ቫይረሱ በያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ ሽፍታ ታይቷል፤ ስለዚህ ሽፍታ ሁሉ የሙቀት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ከእንቅስቃሴ በኋላ፣ ልብስ ባጠበቀበት ቦታ የወጣ፣ ትኩሳትና ሳል የሌለው፣ ሲቀዘቅዝም የሚሻለው ሽፍታ ሊያሸብረን አይገባም። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ሽታና ጣዕም መጥፋት ከታየ ግን ሽፍታ ቢኖርም ባይኖርም ራሳችሁን ከሌሎች ለይታችሁ በነፃ የስልክ መስመሮች በ8335 ወይም በ952 ደውላችሁ ምክር ጠይቁ።

ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ካበጠና ከጋለ፣ ሕመሙ ከጨመረ፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት ከወጣ፣ ወይም ከአንድ ሳምንት በላይ እየቀዘቀዘና እየተናፈሰ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በሽታ ይይዘኛል ብሎ ፈርቶ ቤት መቅረት ቀላሉን ኢንፌክሽን ከባድ ያደርገዋል። ጭምብላችሁን አድርጋችሁ፣ ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ሂዱ።

ጊዜ የማይሰጠው አደጋ

በሙቀት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከመጠን በላይ ከደከመው ወዲያውኑ ያቁም፤ ጥላ ሥር ይረፍ፤ ውኃ ይጠጣ። ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ያለበትን ካላወቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በሙቀት መመታት ነውና ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ላብ እያላበውም ቢሆን ይህ ሊደርስ ይችላል። አምቡላንስ በ907 ይጠራ፤ እስኪደርስ ድረስ ግን ቆሞ መመልከት አይገባም። ሰውየውን ወደ ጥላ አምጡት፤ ትርፍ ልብሱን አውልቁለት፤ ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውኃ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ። ከበውት አየር የሚከለክሉትን ሰዎችም አርቁ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ከወረርሽኙ ለመጠበቅ የተማርናቸው ነገሮች፣ መስኮት መክፈት፣ መራራቅ፣ መታጠብ፣ ንጹሕ ልብስና ንጹሕ ጭምብል መያዝ፣ ቆዳችንንም ይጠብቁታል። ሁለቱ ጥንቃቄዎች ተቃርነው አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንጥል የሚያስገድደን ነገር የለም። ነገ ማለዳ እንቅስቃሴ ስትጀምሩ የደረባችሁትን አንድ ልብስ ቀንሱ፤ መስኮቱን ክፈቱ፤ ስትጨርሱም የራሰውን ልብስ ሳትውሉበት ለውጡ። በቤታችሁ ውስጥ ፌስታል ጠቅልሎ የሚሮጥ፣ ወይም በሽፍታ ምክንያት እንቅስቃሴ ያቆመ ሰው ካለ ዛሬ የሰማችሁትን ንገሩት።